ዋስትናዬን የታቀፈችው ዶሮ

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ሞተ። ማሞቂያው ማለቴ ነው። አባዬ አጠገቤ ተኝቶ ምን ዓይነት ቃል ነው የጻፍኩት! ተበላሸ ልበል።

ቅዳሜ ዕለት ከሁለቱ ዘንጎች አንዱ መቅላት አቆመ። ትናንት ሁለተኛው ቋ አለና የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፤ በቃ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ዝናብ ነው። የእንጅባራን ነሐሴ ያላየ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል። የምቆርጠው የዩኒፎርም ጨርቅ እንኳ እርጥበት ጠጥቶ ጠመኔው አልጽፍ አለኝ።

አባዬ ጋቢውን ደርቦ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ዋለ። «በረደህ?» ስለው «ኧረ የለም» ይላል። እጁን ስነካው ቅዝቃዜው የውጭ በር ቁልፍ ነው የሚመስለው። ይሄ ሰው እኮ ነው ሚያዝያ ላይ፣ የእማዬ አርባ በወጣ በሳምንቱ፣ ዘንገና ካለው ቤቱ ውስጥ ብቻውን ታሞ ጎረቤት ያገኘው። የሳንባ ምች ነበር። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ብርድ እንዳይነካቸው» ብሎኛል። ለምኜም፣ አልቅሼም፣ ተቆጥቼም ወደ እኔ አመጣሁት። ማሞቂያውን የገዛሁት ለሱ ነው። ከሰል እንዳላነድ ጭሱ ለሳንባው አይሆንም።

ማታ እራት ላይ፣ እንደዋዛ፣ «ልጄ ይታይሽ፣ እንግዲህ ፍልሰታ ሲፈታ ልሂድ። እዚያ ምድጃ አለኝ» አለ።

ምድጃማ አለው። የሚያነድለት ሰው ነው የሌለው። ይሄን ልናገር አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት።

ነገ የማደርገው፦ ማሞቂያውን ይዞ ሱቅ መሄድ። አለመቆጣት። ሁለተኛው ይከብደኛል።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ተቆጣሁ።

ማሞቂያውን በአሮጌ አንሶላ ጠቅልዬ በባጃጅ ሄድኩ። ባለሱቁ ሙሉቀን ይባላል። ግንቦት ላይ በሩ ላይ «ታላቅ ቅናሽ» የሚል ጨርቅ ሰቅሎ፣ ድምፅ ማጉያ አቁሞ፣ ከተማውን ሲያደነቁር ነበር። ያን ቀን «እህቴ» ሲለኝ፣ እኔም በቅናሽ ገዛሁ ብዬ ስኮራ! ለጎረቤት ሁሉ ነው ያወራሁት። «ስድስት ወር ዋስትና አለው» ብሎኝ ነበር፤ ገና ግማሹ እንኳ አልሄደም።

ዛሬ ሰካው፣ ነቀለው፣ ደግሞ ሰካው። ከዚያ ወሬ ጀመረ።

መጀመሪያ «እህቴ፣ በቅናሽ የተሸጠ ዕቃ ዋስትና የለውም» አለ። አለው ብለኸኝ ነበር አልኩት። ቀጥሎ «መብራት እየሄደ እየመጣ አቃጥሎት ነው፤ ይሄ የዕቃው ጥፋት አይደለም» አለ። ታዲያ መብራት የማይሄድበት አገር ሄደን ልንጠቀምበት ኖሯል? አልኩት። እዚህ ላይ ድምፄ ከፍ ብሏል፤ በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ነበር።

ደረሰኙን አወጣሁ። ባዶ! ያ የሚያብለጨልጨው ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነጥቶ ነጥቶ እንደተላጨ ራስ ሆኗል። ሙሉቀን ገልብጦ አየው፣ ፈገግ አለ፤ እኔ ደሜ ፈላ።

«የዋስትና ወረቀት አልቆብኝ ካርቶኑ ላይ ነበር ማኅተም ያደረግኩልሽ። ፊርማዬም ቀኑም እሱ ላይ ነው። ካርቶኑን አምጪና እንነጋገራለን» አለ በመጨረሻ።

እውነቱን ነው፤ ትዝ አለኝ። ካርቶኑ ደግሞ ቤት አለ፤ አልጣልኩትም። ጥሩ፣ ዛሬውኑ ይዤ እመለሳለሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ባጃጅ ውስጥ ሳለሁ ነው ካርቶኑ ቤት ውስጥ የት እንዳለ ትዝ ያለኝ። ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ሳቄ ጠፋ።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ካርቶኑ ላይ ገብስማዋ ታቅፋለች።

ገብስማዋ የእማዬ ዶሮ ናት። አባዬ ከዘንገና ሲመጣ የያዘው አንድ ጥቅል ልብስና እሷን በብብቱ ብቻ ነው። «ምነው አባዬ፣ ዶሮ እዚህም ይገዛል» ብለው «እሷ አትገዛም» አለኝ። ሐምሌ ላይ የቤቱን ጥግ እየመረጠች ቁር ቁር ማለት ጀመረች፤ ካልታቀፍኩ ብላ ሞተች። የክረምት ጫጩት ብርድ ይፈጀዋል፤ ይሄን ያስተማረኝ ራሱ አባዬ ነው። ስነግረው ግን «እሷ ፈልጋ ነው። እናትሽ ብትኖር አትከለክላትም ነበር» አለ። ፍልሰታም እየመጣ ስለነበር እንቁላል የሚበላው የለም፣ ረክሷል። ገበያ ሄዶ እንቁላል አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ እያነሳ አይቶ መረጠ። ቤት ውስጥ ካለው ካርቶን ሁሉ ወፍራሙን አወጣ፣ ገለባ ጎዘጎዘበት፣ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ሥር ከግድግዳው አስጠግቶ አስቀመጣት። ማኅተሙ ያለው በግድግዳው በኩል ነው። መቼም የኔ ዕድል!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ የሷ ነው። ደንበኞቼ በሹክሹክታ ነው የሚለኩት። በሩን በኃይል የዘጋ ሰው ከአባዬ ዓይን አያመልጥም። የታቀፈች ዶሮ ከቦታዋ ከተነሣች ትሸሻለች፣ እንቁላሉ ይገማል ነው የሚለው። ሌሊት ሲሳልም አፉን በጋቢ ይይዛል፤ ለኔ መስሎኝ ነበር፤ ለሷ ኖሯል።

ዛሬ ፈራ ተባ እያልኩ «አባዬ፣ ካርቶኑን ለአንድ ቀን ብቻ» አልኩት።

«እሷስ ለአንድ ቀን ከማን ቤት ትደር?» አለኝ።

ፎቶ ላነሣ ስልኬን በግድግዳውና በካርቶኑ መካከል አስገባሁ። የሸረሪት ድርና የማኅተሙ ግማሽ ወጣ። ኔትወርክ እስኪመጣ ጠብቄ ለሙሉቀን ላክሁለት። «ፎቶ ማኅተም አይሆንም» ብሎ መለሰ።

አሁን እውነቱን ልጻፍ፤ እዚህ ካልጻፍኩ የት እጽፋለሁ። አባዬ ፍልሰታ ሲፈታ እሄዳለሁ ያለው ያን ጊዜ ጫጩቶቹ ስለሚፈለፈሉ ነው። እሷ እስክትነሣ እሱም አይነሣም። ካርቶኑን እፈልጋለሁ፣ ግን ገብስማዋ እንድትነሣ አልፈልግም። እንዲህ ያለ መብት ጠያቂ የት አለ?

ማታ ጋቢውን በካውያ አሙቄ አለበስኩት። ዓይኑን ጨፈነ። «ፀሐይ ላይ የዋለ መሰለ» አለ። በዚህ ብቻ ደስ ብሎኝ ልተኛ ነው።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የሸማቾች ጉዳይ የሚባል ክፍል እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። ሠራተኛዋ በኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፤ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርባ፣ ፎጣ ጣል አድርጋለች። ነገሬን ከመጀመሪያው ነገርኳት። ዶሮዋ ጋ ስደርስ አፏን በፎጣዋ ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ቀለል ያለች ሰው ናት።

ቀጥላ ግን ኮስተር አለች። «ስሚ፣ ቅናሽ ዋጋ ይቀንሳል እንጂ መብት አይቀንስም። ዕቃው እንከን እንዳለበት ቀድሞ ነግሮሽ፣ አውቀሽ ካልገዛሽው በቀር ይመለከተዋል። መብራት ነው ያቃጠለው ካለም እንዲያው ስላለ አይሆንም፣ ያሳይ። ወይ ይጠግናል፣ ወይ ይቀይራል፣ ወይ ገንዘብሽን ይመልሳል።»

እንዴት ደስ አለኝ! ልስማት ምንም አልቀረኝ። ለካ ሙሉ ከተማ ፊት የጮህኩት በከንቱ አይደለም።

«ግን ከሱ መግዛትሽን የሚያሳይ ነገር ያስፈልገኛል» አለች። ነጩን ደረሰኝ አሳየኋት፤ ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲህ ያው ካርቶኑ ነው። ታገሺ፣ ዶሮዋ ስትነሣ ታመጪዋለሽ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«የኔ እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ አባቴ በእግሩ ይሄዳል!» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። ዕንባዬም አብሮ አመለጠኝ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ሰው ፊት።

ሴትየዋ የኔንና የሙሉቀንን ስልክ ቁጥር መዘገበች። በር ላይ ስደርስ ጠርታ «አባትሽን በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ አድርገሽ እግራቸው ሥር አድርጊላቸው» አለችኝ። ይሄ ከሸማቾች አዋጅ ውስጥ አይመስለኝም።


ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ዝናብ። አባዬ ሌሊቱን ሳለ። ጠርሙሱን ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሞላሁለት። ዩኒፎርም አልጨረስኩም፤ እናቶች እየተቆጡ ነው። በሹክሹክታ ሲቆጡ ግን ያስቃል።

ጠዋት አባዬ ጥቅሉን ከአልጋው ሥር ሲያወጣ አየሁት። ልብሱን ዘርግቶ መልሶ አጠፈው።


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ዛሬ ያደረግኩትን ብጽፈው ይቀለኝ ይሆን?

አባዬ ለቅዳሴ ወጣ። ካርቶኑን ሳላነሣ ማኅተሙን ብቻ ቆርጬ ባወጣውስ? የሚል ሐሳብ ሲመላለስብኝ ነበር የሰነበተው። ጨርቅ ስቆርጥ ስንት ዓመቴ! ጠረጴዛው ሥር በሆዴ ተኛሁ፤ ትልቁን መቀስ በግድግዳው በኩል አስገባሁ። ገብስማዋ በአንድ ዓይኗ አየችኝ። «አይዞሽ እናቴ» አልኳት። ሁለት ጣት ያህል ቆረጥኩ።

ጮኸች። ምን ዓይነት ጩኸት! ፊቴ ላይ ተነሥታ የጠመኔ ጣሳዬን ገልብጣ፣ በበሩ ወጥታ ዝናቡ ውስጥ ገባች። ተከትያት ብወጣ አጥር ሥር ሾለከች።

ተመልሼ ካርቶኑ ውስጥ እጄን ሰደድኩ። እንቁላሎቹ ይሞቃሉ። የአባዬ እጅ መሞቅ የሚገባውን ያህል ይሞቃሉ። ሊቀዘቅዙ ነው! የእማዬ ዶሮ። የአባዬ ሦስት ሳምንት። እኔ ደግሞ ለአንድ ማኅተም!

መብራት ነበረ፣ ማርያም ትመስገን። ካውያውን ሰካሁ። የፍላኔል ጨርቅ ቁራጭ አሙቄ፣ እንዳያቃጥል ጉንጬ ላይ ሞክሬ አለበስኳቸው። ሌላውን አሞቅሁ፣ ለወጥኩ፣ ደግሞ አሞቅሁ። አንዲት ደንበኛ ዩኒፎርም ልትወስድ ገብታ ወለል ላይ ተቀምጬ ቁራጭ ስተኩስ አገኘችኝ።

«የማን ልብስ ነው ይሄ ትንሹ?» አለችኝ።

«ገና ያልተወለዱ ናቸው» አልኳት። ሌላ አልጠየቀችም፤ ዩኒፎርሟን ሳትወስድ ወጣች።

ገብስማዋ ራስዋ መጣች፣ በስብሳ፣ ግማሽ ሆና። ልጠርጋት ብዬ እጄን አደማችኝ። ይገባኛል። ከዚያ ካርቶኑን ዞረችው፣ ፍላኔሉን በመንቁሯ ጎትታ ጣለችልኝና ተቀመጠች።

አባዬ ሲመለስ በር ላይ ቆሞ የረጠበውን ላባ፣ የፈሰሰውን ጠመኔ፣ እጄን አየ። «ዝናቡ ቤትም ገብቶ ነበር እንዴ?» አለ።

ነገርኩት። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኩት። «ማሞቂያው ከተሠራ አትሄድብኝም ብዬ ነው አባዬ። ብቻህን እንድትሆን አልፈልግም። እኔም ብቻዬን መሆን አልፈልግም» አልኩት። ይሄን ካሁን በፊት ብዬው አላውቅም። እማዬ ስትሞት እንኳ አላልኩትም፤ ያኔ እንግዳ በዝቶ ነበር።

ጎንበስ ብሎ የቆረጥኩትን በጣቱ ዳሰሰው።

«ጠማማ ነው» አለኝ። «እንዲህ እየቆረጥሽ ነው የሰው ልጅ የምታለብሺው?»


እሁድ፣ ነሐሴ 11

እንቁላሎቹ ይኑሩ ይሙቱ አይታወቅም። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አድርገን እንያቸው፣ ሕይወት ያለው ይንቀሳቀሳል አልኩት አባዬን። «ተያቸው፣ ትናንት ያዩት ይበቃቸዋል» አለ።

ገብስማዋን በአዊኛ ነው የሚያወራት። እማዬም እንዲሁ ነበረች፤ ለከብቱም ለዶሮውም በአዊኛ፣ ለኔ ትምህርት ቤት እንዳይከብደኝ ብለው በአማርኛ። እየሰማሁ እንደማልሰማ ሆኜ ቁልፍ እተክላለሁ። «ልጅቱ ደግ ናት፣ መቀሷን ነው እንጂ» ሲላት ሰማሁት።

ዛሬ ስለ መሄድ አላነሣም። እኔም አላነሣሁ። ጥቅሉ ግን አልጋው ላይ ነው።


ሰኞ፣ ነሐሴ 12

ስልክ! የንግድ ጽሕፈት ቤቷ ሴት። ለሙሉቀን ደውላለት። ካርቶኑ ወደ አንተ መምጣት ካልቻለ አንተ ወደ ካርቶኑ ሂድ ብላዋለች። «እምቢ ካለ ደብዳቤ እጽፍለታለሁ፤ ግን የሚል አይመስለኝም» አለችኝ። እንዴት ይሄ ለኔ ሳይመጣልኝ ቀረ? መቀስ ከማንሣቴ በፊት ሰው ብጠይቅ ምን ነበረበት።

ቤት ጠረግሁ። ለሙሉቀን መሆኑ አናደደኝና ግማሽ ላይ ተውኩት።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

መጣ። ጫማው ጭቃ በጭቃ፣ ስልኩ በጆሮው፣ ገና ከደጅ «የታለ ዕቃው!» እያለ።

አባዬ ተነሥቶ በር ላይ ቆመ። «ልጄ፣ ቤት ለእንግዳ ነው፣ ግባ። ግን ታቅፋለች። ጫማህን አውልቅ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ።»

ሙሉቀን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጫማውን አወለቀ። አንዱ ካልሲው አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል፤ እንደ ልብስ ሰፊነቴ አየሁት፣ እንደ ተበዳይነቴ ደስ አለኝ።

ጠረጴዛው ሥር በሆዱ ተኛ፤ ስልኩን አብርቶ በግድግዳው በኩል አጮለቀ። አባዬ የየት አገር ልጅ እንደሆነ ጠየቀው። «የአዘና ልጅ ነኝ አባቴ» አለ ከጠረጴዛው ሥር፣ በሹክሹክታ። «እናቴ አሁንም ዶሮ አላት።»

«ታዲያ ታውቃለህ» አለው አባዬ።

«አውቃለሁ።»

ማኅተሙ አለ። ፊርማውም ቀኑም አለ፤ መቀሴ አንድ ጣት ሲቀረው ነው የቆመው። ሙሉቀን ተቀመጠና፣ ልማድ ሆኖበት መሰለኝ፣ «እሱስ ይሁን፣ ግን በቅናሽ...» ብሎ ጀመረ። እኔም «ቅናሽ ዋጋ ይቀንሳል እንጂ መብት አይቀንስም» አልኩት። «መብራቱስ?» አለኝ። «አሳየኝ» አልኩት። ይሄ ሁሉ በሹክሹክታ ነው። በሹክሹክታ ሰው መገላመጥ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ሞክሮ ያላየ አያውቀውም። አባዬ አንዴ ወደሱ አንዴ ወደኔ ሲያይ ቆየና፣

«ስትሸጡ በድምፅ ማጉያ፣ ስትጠየቁ በሹክሹክታ ሆነ?» አለው።

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ድምፅህን ዝቅ አድርግ ያሉኝ!» አለ ሙሉቀን፤ ሳቁ አፈነው። አባዬም ሳቀ። ከሚያዝያ ወዲህ ጥርሱን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ሙሉቀንን የዚያን ጊዜ ይቅር አልኩት፤ አልነገርኩትም እንጂ።

እውነቱን ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ሌሎችም መልሰውልኛል። የዚያ ዓይነቱ ዕቃ ራሱ ነው ደካማ። ሱቅ ውስጥ ካለኝ ብሰጥሽ በሳምንቱ ተመልሰሽ ትጮሂብኛለሽ። ገንዘብሽን ከፈለግሽ እመልሳለሁ፤ ማሞቂያ ከፈለግሽ ዳንግላ ወንድሜ ጋ ሌላ ዓይነት፣ ጠንካራ አለ።»

ማሞቂያ አልኩት። ገንዘብ ሰው አያሞቅም።

ሲወጣ ጫማውን እያሰረ «መቼ ነው የሚፈለፈሉት?» አለ። «ብርድ እንዳይነካቸው» ብሎ ደግሞ ጨመረ። ሐኪሙ የተናገረውን ቃል በቃል።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 14

ዳንግላ ሄጄ መጣሁ። የሙሉቀን ወንድም ከሱ ይሻላል፣ ወሬ አያበዛም። እዚያው ሰክቶ እስኪቀላ ድረስ አልተነቃነቅሁም። እጄን አስጠግቼ፣ ጀርባዬን አስጠግቼ፣ ደግሞ ከኋላዬ ያሉ ሴትዮ ጉልበታቸውን አስጠግተው። ደረሰኝ ተቀበልኩ፣ ፎቶ ኮፒ አስደረግሁ። ዋስትናው በወረቀት ነው። «ካርቶኑንም ጠብቂው፣ የዕቃው ቁጥር ያለው እሱ ላይ ነው» አለኝ። ስቄ ሞትኩበት፤ ምኑ እንዳሳቀኝ አልገባውም።

ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌው መጣሁ። ረዳቱ «ለሱም ትከፍያለሽ?» ብሎ ቀለደብኝ። እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነው። ነገ ሐሙስ፣ ከነገ ወዲያ ፍልሰታ። ዕቃውን አገኘሁ፤ ሰውየውን አገኘሁ ማለት ግን አይደለም። ለሰው ዋስትና የሚሰጥ ሱቅ የለ።

ማታ ሰካሁለት። እጁን ዘረጋ፣ አገላበጠ። «ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥሽ» አለ። እቆያለሁ አላለም።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 15

ጠዋት አባዬ በእጁ ጠራኝ። ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ ነበር። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከገብስማዋ ሆድ ሥር፣ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል፣ ጭው ጭው።

አሉ! አልገደልኳቸውም! አባዬን አንገቱን አቅፌ አለቀስኩ። «ቀስ፣ ቀስ፣ ትሰማለች» ይለኛል፤ የሱም ድምፅ ልክ አልነበረም።

ቀኑን ሙሉ ዩኒፎርም አንድ ስፌት አልሰፋሁም። ማታ ላይ ሁለት ቢጫ፣ አንድ ጥቁር ወጡ። ሌሎቹ ገና ናቸው። አባዬ ጥቅሉን በገመድ አስሮ በሩ አጠገብ አስቀመጠው። መመርኮዣ ዘንጉንም አስደገፈበት። ይሄንን አይቼ እንዳላየሁ ሆኜ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።


ዓርብ፣ ነሐሴ 16። ፍልሰታ

አባዬ በጨለማ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። እኔ ቀረሁ፤ ጫጩት ያለበት ቤት ባዶ አይተውም ብሎ። እንቁላሎቹ ተፈልፍለዋል፣ ከሁለቱ በቀር። ሁለቱን አንሥቼ ጨበጥኳቸው። ያን ቀን የቀዘቀዙት እነዚህ ናቸው።

ሲመለስ አሳየሁት። አንሥቶ ጆሮው ላይ ነቀነቃቸው። «እነዚህ ድሮም ባዶ ነበሩ፣ አንቺ ምን አደረግሻቸው» አለ። እውነቱን ይሁን ሊያጽናናኝ አላውቅም። አልጠይቀውም።

ፍልሰታ ቢፈታም ዓርብ ነውና የጾም ምሳ በላን። ዝናቡ አላባራም። ጥቅሉ በር ላይ ነው፣ ዘንጉ ጥቅሉ ላይ ነው። ሚኒባስ ጣቢያ ላድርስህ ልለው ለአፌ ቃል እየፈለግሁ ሳለ አባዬ ተነሣ። ማሞቂያውን ከአልጋው ፊት አነሣው፤ ዞሮ ከገብስማዋ ካርቶን ፊት፣ በመጠኑ ራቅ አድርጎ፣ አስቀመጠው። ከዚያ በርጩማውን ስቦ ከጫጩቶቹ ጎን ተቀመጠ። ማሞቂያው ለነሱ ነው፤ የተረፈው ለሱ። አንዷ ጥቁር ጫጩት ከካርቶኑ ወጥታ እግሩ ላይ ቆመች። እግሩን አላነሣም።

«በዚህ ብርድ እነዚህን ይዞ መንገድ ይወጣል?» አለ። እኔን ይሁን ገብስማዋን እንደጠየቀ አላወቅሁም።

«አይወጣም» አልኩ ፈጠን ብዬ። ገብስማዋ እስክትመልስ አልጠበቅሁም።

እንዳያየኝ ብዬ ሥራ ያዝኩ፤ የአዲሱን ማሞቂያ ካርቶን ጠራርጌ ቁም ሣጥን ላይ ልሰቅለው ወንበር ላይ ወጣሁ።

«ምን ልታደርጊው ነው?» አለ አባዬ።

«ልደብቀው። የዳንግላው ሰውዬ ጠብቂው ብሎኛል።»

«አምጪው እስኪ።» ተቀበለኝ። በጣቱ ጫን ጫን አደረገው፣ ጠርዙን ዳሰሰው፣ ወለሉ ላይ አድርጎ ልኩን አየ። «ከፊተኛው ይሄ ይወፍራል። እዚህ ታች አድርጊው። ገብስማዋ ኅዳር ላይ እንደገና መታቀፏ አይቀርም።»

ወንበሩ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ።

«እሺ አባዬ» አልኩት። «ቁጥሩ ያለበት ግን ወደኛ ይዙር።»

«ይዙር» አለ።

ጥቅሉ አሁንም በር ላይ ነው፤ አልተፈታም። እኔም አልነካውም። ግን ኅዳር ነው ያለው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ኅዳር ነው ያለው።